ጠብታ በጨው ላይ

ኡዩኒ ላይ መሬቱ ነጭ ነው፤ ገመና አይደብቅም፤
ጥቁር ነጥብ ከታየ ካንተ ነው፤ ሌላ ሰው አይጠየቅም።
እኔም ቱሪስት አውርጄ፣ ቱሪስት ጭኜ በሄድኩበት፣
መኪናዬ ጨዉ ላይ ነጥብ በነጥብ ጻፈችበት፤
ከኋላ፣ ከዲፈረንሻሉ ሥር፣
ጠብ… ጠብ… ልክ እንደ ወለድ ብር።

ወንድሜ ኤርሞሄኔስ ነበር ፓራኦሊዮውን የቀየረው፤
አንዴ በፋሲካ፣ አንዴ በሰኔ ብርድ፣ በመዶሻ እያባበለ ያኖረው።
ሁለቴ ገንዘብ ከፈልኩ፤ ሁለቴ ጠብታው ተመለሰ፤
በሦስተኛው አፌ አመለጠኝ፤ የአባታችን ቤት ፈረሰ፦
«እጅህ ሰነፍ ነው» አልኩት። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ወጣ።
ከዚያ ወዲህ እኔም አልሄድኩ፣ እሱም አልመጣ።

ቤኒግና ቾኬ ጋራዥ አላት፣ ከባቡሮቹ መቃብር ማዶ፤
በሯ የአሮጌ ፉርጎ በር ነው፤ ወለሏ ክረምት ከበጋ በረዶ።
ሁለት ጉንጉን ጸጉሯን ካፖርቷ ውስጥ ከታ፣
በጀርባዋ ከሥር ገባች፣ ባትሪዋን በጥርሷ ነክሳ፣ አብርታ።
«ምኑ ነው የሚያፈሰው?» አለችኝ። «ፓራኦሊዮው ነዋ!» አልኳት።
«እሱንማ አንተ ነህ ያልከው፤ መኪናዋን መች ጠየቅካት?
እርጥብ የሆነ ሁሉ የቁስሉ ቦታ አይደለም፤
ነፋስ ወደ ኋላ ይነዳቸዋል፤ ዘይትና ሐሜት ከፈለቁበት አይውሉም።»

ጣቷን ነከረች፣ አሸተተች፦ የድኝ ሽታ።
«የፍሬን አይደለም፣ የሞተርም አይደለም፤ የጥርሶቹ ነው» አለች ረግታ።
በሁለት ጣቷ አሽታ ወደ ብርሃን አቀረበች፤
የብረት ብናኝ ፈለገች፤ አጣች። «ጥርሷ ደኅና ነው» አለች።
ከዚያ ጨርቅ ቤንዚን ውስጥ ነክራ፣ ሁሉን እንደ አራስ ልጅ አጠበች፤
አድርቃ፣ የሕፃን ፓውደር ከላይ እስከ ታች ነሰነሰች።
ጥቁሩ ብረት ነጣ፤ ጨው ሜዳውን መሰለ ሆዱ።
«ሃያ ኪሎ ሜትር ነድተህ ና፤ ይመሰክራል መንገዱ።»

ነዳሁ። ብቻዬን። ከጎኔ ባዶ የወንድሜ ወንበር፤
የቀበቶው ብረት በሩን ሲያንኳኳ፣ ሰው የመጣ ይመስል ነበር።

ስመለስ ሁለታችንም ገባን፣ ጀርባችን በረዶ ላይ፤
መስመሩ ግልጥ ነው፤ ከፒኞኑ አንገት ጀምሮ ሲታይ።
«አላልኩሽም? ፓራኦሊዮው!» ጮኽኩ፤ ደስታ ይሁን ቂም እንጃ።
ቤኒግና ግን ባትሪዋን አዞረች፦ «ይኸውልህ፣ ሌላም ማስረጃ፤
በግራ ጎማ በኩል ወዝ አለ፣ በቀኝም ወዝ ወጥቷል ሾልኮ፤
ሦስት በር ባንድ ቀን ካላበው፣ ቤቱ ታፍኗል እኮ!»

የመሙያውን ቡሎን ሩብ ዙር ላላ አደረገች፤
ፍስስስ…
አለች መኪናዋ። እንደ ሰው። ረጅም ተነፈሰች።

ከአክስሉ አናት ላይ ናት፣ ማንም ጎንበስ ብሎ የማያያት፣
ቆብ የደፋች የጣት ቧንቧ፤ ጨው ነው ድንጋይ ሆኖ የደፈናት።
ዘይቱ ሲሞቅ አየሩ ያብጣል፤ መውጫ ይሻል፣ መውጫ ያጣል፤
የባለሙያ እጅ ያጠበቀው ቢሆንም፣ በፓራኦሊዮው ከንፈር ያመልጣል።

በሽቦ ወጋቻት፣ በሙቅ ውኃ አጠበቻት፣ እፍ አለችባት፤
ከፍ ያለ ቱቦ ቀጠለችላት፣ ጨው የማይደርስባት።
«ፓራኦሊዮውስ?» አልኳት ቀስ ብዬ።
«ምን ሆነና? ያስገባው ልጅ እጁ ንጹሕ ነው።»
ሂሳቡ ከአንድ ምሳ አይበልጥም ነበር።
ከፈልኩ። መልሴን ሳልቀበል ሄድኩ።

ማታ ኤርሞሄኔስ ደጅ ቆምኩ። ሞተሩን አላጠፋሁም፤
ምን እንደምል ሳወጣ ሳወርድ፣ ጡሩምባም አላሰማሁም።
በሩ ተከፈተ። ብርድ ልብስ ደርቦ ወጣ፤ ሰላም ሳይለኝ ወደ ኋላ ዞረ፤
ጉመድ በያዘው አፈር ላይ ተንበረከከ፣ ክንዱን ሰዶ በእጁ መረመረ።
ብዙ ቆየ። መዳፉን በመብራቱ ፊት ገልብጦ አየው።
ደረቅ ነው።
«ማን ሠራው?» አለ።
«አንተ» አልኩት።
ሞተሩን ያኔ አጠፋሁት።